የሴቶች ጫማና የዕለት ውሎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን የሚኖሩ ሴቶች ስለ ጫማ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

ለአንዲት ሠራተኛ ሴት ስንት ጥንድ ጫማ ይበቃል?

ለብዙዎቻችን አምስት ጥንድ ይበቃል። ሁለት የዘወትር፣ አንድ ለክረምት፣ አንድ የክት፣ አንድ ደግሞ ለቤት የሚሆን ነጠላ ጫማ። የዘወትሩን ሁለት ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የተደረገ ጫማ ውስጡ በላብ ይርሳል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንድ ቀን ማረፍ አለበት። ሁለት ጫማ እያቀያየረች የምታደርግ ሴት አንዱን ጨርሳ ሌላውን ከምትገዛው ይልቅ ሁለቱም ይቆዩላታል።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙዎች የሚያደርጉትን ገልብጠሽ አድርጊ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚደረግ የክት ጫማ ብዙ ብር ይወጣል፤ በየቀኑ አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት እግርን ለሚሸከመው የዘወትር ጫማ ግን ርካሹ ይፈለጋል። ጥሩውን ጫማ ለዘወትሩ ግዢ። ለሠርግና ለበዓል የሚሆነው ቢረክስም ጉዳቱ የአንድ ቀን ነው።

የእግሬን ቁጥር በትክክል እንዴት ልወቅ?

ወደ ማታ፣ ቀኑን ስትቆሚና ስትሄጂ ከዋልሽ በኋላ ለኪ፤ እግር በቀን ውስጥ ያብጣልና ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠባል። ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተሽ ቁሚበት፤ ተቀምጦ መለካት ያሳስታል። ከተረከዝሽ ጀርባና ከረጅሙ ጣትሽ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጊ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ ሁለተኛው ጣታቸው የሚረዝም ብዙ ሴቶች አሉ። ሁለቱንም እግር ለኪና በትልቁ ሂጂ።

በእኛ ገበያ የተለመደው የአውሮፓ ቁጥር ነው። በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር 37 አካባቢ፣ 24 የሆነው 38፣ 25 የሆነው ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል። ቁጥሩ መነሻ ብቻ መሆኑን አትርሺ። ጫማውን አድርገሽ ስትቆሚ ከረጅሙ ጣትሽ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት፤ ተረከዝሽ ግን ስትራመጂ መውጣት የለበትም። የልጅነት ቁጥርን ይዞ መኖርም ጥሩ አይደለም፤ ከዕድሜና ከወሊድ በኋላ እግር ይሰፋል፣ ይረዝማልም።

ሻጩ «ሲለበስ ይሰፋል» አለኝ፤ ልመነው?

በግማሹ። የቆዳ ጫማ ወደ ጎን ትንሽ ይሰፋል፤ ወደ ፊት ግን አይረዝምም። ፕላስቲክ ወይም ሰው ሠራሽ ቆዳ ከሆነ ጭርሱን አይሰፋም፤ ዛሬ የላጠሽ የዛሬ ሦስት ወርም ይልጥሻል። ጣቶችሽ ገና ሱቅ ውስጥ ጫፉን ከነኩ ተይው።

ከገዛሽ በኋላ ጎኑ ላይ ብቻ ከጠበበ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደሽ በፎርማ ማስወጠር ይቻላል። አዲስ ጫማ የመጀመሪያውን ቀን ወደ ሥራ አይደረግም፤ ለጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ በካልሲ አንድ አንድ ሰዓት አለማምጂው።

እውነተኛ ቆዳ መሆኑን በምን ልለይ?

ጠርዙን ተመልከቺ። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ጭረት ጭረት ያለ፣ ሸካራ ነገር ከታየ ቆዳ ነው፤ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ከታየ አይደለም። በጣትሽ ስትጫኚው ቆዳ ጥቃቅን ሽብሽብ ያወጣል፤ ሰው ሠራሹ ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። የቆዳው ቀዳዳዎች አንድ ወጥ አይደሉም፤ ከዳር እስከ ዳር ፍጹም ተመሳሳይ የሆነ ንድፍ የማሽን ሥራ ነው። በክብሪት አቃጥለው የሚያሳዩ ሻጮች አሉ። ይህን አልመክርም፤ ጫማውን ከማበላሸቱም በላይ ላዩ በፕላስቲክ የተቀባ ቆዳም በእሳት ያሳስታል።

ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩ ጫማዎች ላይ ደግሞ ሦስት የጫማ ክፍሎችን፣ ማለትም ላዩን፣ ውስጡንና ሶሉን የሚያሳይ ትንሽ ምልክት ይለጠፋል። ከየክፍሉ ጎን የተወጠረ የከብት ቆዳ ቅርጽ ካለ ቆዳ፣ የተሸመነ መረብ ካለ ጨርቅ፣ ባዶ አልማዝ ቅርጽ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ማለት ነው። ላዩ ቆዳ ሆኖ ውስጡ አልማዝ የሆነ ጫማ ብዙ አለ፤ እግርሽን የሚነካው ውስጡ ስለሆነ እሱን ሳታዪ አትክፈዪ።

የሀገር ውስጥ ጫማ ልግዛ ወይስ የውጭ?

እኔ ለዘወትር የሀገር ውስጡን አስቀድማለሁ። ምክንያቴም ቆዳው ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ለጓንት እስከ መፈለግ የደረሰ ስስና ጠንካራ ቆዳ ነው፤ የከብቱና የፍየሉም ለጫማ ይሆናል። አንበሳ ጫማንና ጥቁር ዓባይን የመሳሰሉ ነባር ፋብሪካዎች አሉን። የቻይናው ሁዋጂያን በ2004 ዓ.ም. ዱከም ላይ ሥራ ሲጀምር ያመርት የነበረው ለውጭ ገበያ የሚላክ የሴቶች ጫማ ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሠፈር የመሠረተችው ሶል ሬብልስም ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሶል እየሠራ ዓለም ገበያ ገብቷል። ያ አሠራር አዲስ አይደለም፤ በረባሶ ሲሠራበት የኖረ ነው።

የመርካቶ ጫማ ሰሪዎችም አሉ። እግራቸው ሰፊ የሆነ፣ አውራ ጣታቸው አካባቢ አጥንት የወጣ ወይም ሁለት እግራቸው እኩል ያልሆነ ሴቶች ከሱቅ ወደ ሱቅ ከሚንከራተቱ በልካቸው ቢያሠሩ ይሻላቸዋል። ድክመቱ ብዙ ጊዜ ማስቲሹ ላይ ነው፤ ላዩ ገና አዲስ ሳለ ሶሉ ይላቀቃል። ስለዚህ ስታሠሪ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ ሳይሆን በክርም እንዲሰፋልሽ ጠይቂ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ይክሳል።

ልባሽ ጫማ ብገዛ ችግር አለው?

ጥሩ ጥሩ ጫማ ይገኝበታል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ሁለት ነገር ግን ልብ በዪ። አንደኛ፣ ጫማው የቀድሞ ባለቤቱን አረማመድ ይዟል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው፤ ታኮው ወደ አንድ ጎን ተበልቶ ጫማው ካዘነበለ ቁርጭምጭሚትሽንም ያዘነብለዋል። ሁለተኛ፣ የእግር ፈንገስ በጫማ ውስጥ ይተላለፋል። የውስጡ ንጣፍ የሚወጣ ከሆነ ጣይውና አዲስ አስገቢ፤ የሚታጠበውን በሳሙና እጠቢ፤ የማይታጠበውን ውስጡን በአልኮል ጠርገሽ በደንብ እንዲደርቅ ለቀናት አየር ላይ አቆዪው።

በክረምት ምን ላድርግ? የራሰውን ጫማስ እንዴት ላድርቀው?

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የጨርቅ ስኒከር ወዲያው ውኃ ይጠጣል፤ ክፍት ጫማም ጭቃውን ከነተውሳኩ ጣቶችሽ መሃል ያስገባል። ሶሉ ወፈር ያለና ጥርስ ያለው፣ ላዩ ቆዳ የሆነ ሽፍን ጫማ ይሻላል፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ደህና አድርገሽ በቀለምና በሰም አስጠርጊው። ሊስትሮዎች ለዚህ ሥራ ያላቸው እጅ የሚናቅ አይደለም። ሠፈርሽ ጭቃ የሚበዛበት ከሆነ አስፋልት እስክትደርሺ የጎማ ቦት ጫማ አድርጊ፤ ከዚያ ቀይሪ።

ጫማው ከራሰ ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው። በተለይ ነገ የሚፈለግ ጫማ ከሆነ የሚፈትን ነገር ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል፣ ማስቲሹንም ያላቅቃል። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጊ፣ የውስጡን ንጣፍ አውጪ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቂበትና በጎኑ አስተኝተሽ ጥላ ላይ አኑሪው። ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሪለት።

የታኮ ጫማ ይጎዳል ይባላል፤ ምን ያህሉ ነው የሚጎዳው?

ጉዳቱ በቁመቱና በቆይታው ይወሰናል። ታኮው ከፍ ባለ ቁጥር የሰውነት ክብደት ከተረከዝ ወደ ጣቶች ሥር ይገፋል፤ ከጣቶቹ ሥር ማቃጠል፣ የቆዳ መጠጠርና ውኃ መቋጠር የሚመጡት ከዚህ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ከፍ ያለ ታኮ ያደረገች ሴት የባቷ ጡንቻ ያጥራል፤ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማትም ይገተራል። ለዚህ ነው አንዳንዶች ዝቅ ያለ ጫማ ሲያደርጉ «እግሬን አመመኝ» የሚሉት። እንዲህ ያለች ሴት በአንድ ቀን ወደ ዝቅተኛው ከመውረድ ደረጃ በደረጃ ብትቀንስ ይሻላታል።

ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነና ሥሩ ሰፋ ያለ ታኮ ለአብዛኛዋ ሴት አይከብድም። ከ7 በላይ የሆነውን ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አታድርጊው። የታኮው ቀጭንነትም ከቁመቱ እኩል መታየት አለበት፤ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እንደ እርሳስ የቀጠነ ታኮ 7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከሰፋው ይልቅ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። ተቃራኒውም ስህተት ነው፦ ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍላት ጫማ «ዝቅተኛ ስለሆነ ጤናማ ነው» አይባልም። ድንጋዩን ሁሉ ለተረከዝሽ ያስረክባል።

በመንገድ አንድ ጫማ፣ ቢሮ ሌላ ማድረግ ያስነውራል?

ምንም አያስነውርም! ከሠፈሯ ኮብልስቶን ተነሥታ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆማ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ፣ ከዚያም ደረጃ ወጥታ ቢሮ የምትደርስ ሴት ያንን ሁሉ በቀጭን ታኮ ማለፍ አለባት የሚል ሕግ የለም። የኮብልስቶን ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት ለቀጭን ታኮ ወጥመድ ነው። ታኮው ሲያዝ ጫማው ይቀራል፣ ቁርጭምጭሚትም ይዞራል። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ነገሩን አቅልለውታል፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ኮብልስቶኑና ጭቃው አሉ።

የቢሮ ጫማሽን መሥሪያ ቤት ትተሽ መንገዱን በምቹ ጫማ ሂጂ። ማመላለስ የግድ ከሆነ በፌስታል ሳይሆን በጨርቅ ቦርሳ ያዢው፤ አየር ያገኛል፣ ቀለሙም አይፋቅም። ጫማሽ ለመንገድ የሚሆን ሲሆን ሌላም ጥቅም ይመጣል፦ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ ቀላል ይሆናል። ለስፖርት ጊዜ አጣሁ የምትል ሴት በዚህ ብቻ በቀን ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ልታገኝ ትችላለች።

ቤት ውስጥ በባዶ እግሬ ብሆን ይሻላል ወይስ በነጠላ ጫማ?

ምንጣፍ ወይም እንጨት ላይ ጤነኛ እግር ባዶውን ቢሆን ጥሩ ነው፤ የእግር ጡንቻዎች ይሠራሉ። ወጥ ቤት ግን ሌላ ነው። እንጀራ ስትጋግር ሁለት ሦስት ሰዓት በሲሚንቶ ወለል ላይ የምትቆም ሴት ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ያስፈልጋታል፤ ከሥር የታጠፈ ምንጣፍ ብታነጥፍማ ወገቧም ያመሰግናታል። የፈላ ውኃና ዘይት ባለበት ቦታ ደግሞ ጣትን የሚሸፍን ጫማ ይሻላል። የመታጠቢያ ቤት ሸበጥ ሥሩ ተበልቶ ከለሰለሰ ወዲያው ይጣል፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ የሚወድቁት በአብዛኛው «ገና አልተበጠሰም» በተባለ ሸበጥ ነው።

እግሬ ይሸታል፤ ጫማ ሳወልቅ እሳቀቃለሁ። ምን ላድርግ?

ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የሰው ቤት ምንጣፍ፤ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ጥያቄውም ብዙ ነው። ሽታው የሚመጣው ከላቡ ራሱ ሳይሆን ላቡን ከሚመገቡት ባክቴሪያዎች ነው። እግርሽን በየቀኑ በሳሙና እጠቢ፤ በተለይ በጣቶችሽ መሃል በደንብ አድርቂ። የናይለን ስቶኪንግ ላብ አይጠጣም፤ የጥጥ ካልሲ ይሻላል፣ በየቀኑም ይቀየር። ጫማሽን አንድ ቀን አሳርፊው።

በጣቶች መሃል ማሳከክ፣ መላጥና መንጣት ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ከፋርማሲ የሚገኝ የፈንገስ ቅባት ይረዳል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት ማሳከኩ ሲቆም ማቋረጣቸው ነው። የታዘዘውን ጊዜ ሙሉ ቀቢ።

ተረከዜ ይሰነጣጠቃል፤ እንሶስላ ይጠቅማል?

እንሶስላ እናቶቻችን ለእግርና ለእጅ ውበት ሲጠቀሙበት የኖሩት የተወደደ ነገር ነው። ቀለሙ ያምራል፤ እግርን ተቀምጦ የመንከባከብ ልማዱም ያምራል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ግን ዋናው መድኃኒት እርጥበት ነው። ማታ እግርሽን ለብ ባለ ውኃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ዘፍዝፊ፤ የጠጠረውን ቆዳ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ ብለሽ ፈግፍጊ፤ ከዚያ ወፈር አድርገሽ ቫዝሊን ቀቢና በካልሲ ተኚ። በምላጭ መቁረጥ አደገኛ ነው። ስንጥቁ ከደማ፣ ቁስል ከሆነ ወይም ቀይ ሆኖ ከሞቀ ሐኪም ይየው። ከኋላው ክፍት የሆነ ጫማ ማዘውተር ስንጥቁን ያባብሰዋል።

የእግር ጥፍር በውበት ሳሎን የምታሠሪ ከሆነ መሣሪያው በደንብ ካልተጸዳ ሄፓታይተስን የመሰሉ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። የራስሽን መቁረጫ ይዘሽ ሂጂ፤ ጥፍርሽም ጎኑ ሳይከረከም ቀጥ ብሎ ይቆረጥልሽ።

ለሀበሻ ቀሚስና ለሠርግ ምን ዓይነት ጫማ ልምረጥ?

ጫማው ከቀሚሱ ይቅደም። ሽሮ ሜዳም ይሁን ሌላ ቦታ ቀሚስ ስታስለኪ ያንኑ ጫማ አድርገሽ ቁሚ፤ ከዚያ በኋላ የታኮ ቁመት መቀየር ጥለቱን ወይ መሬት ያስጠርገዋል ወይ ቁርጭምጭሚት ላይ ያስቀረዋል። ደማቅ ቀለም ያለው አዲስ ቆዳ በነጭ ቀሚስ ላይ ሊለቅ ይችላልና በነጭ ጨርቅ አሽተሽ ፈትኚው።

ሙሽራ ከሆንሽ ቀኑ ረጅም ነው። ፎቶው ሣር ላይ ከሆነ ቀጭን ታኮ መሬት ይሰጥማል። ለጭፈራው ዝቅ ያለ ሁለተኛ ጫማ ሚዜሽ ትያዝልሽ። በመልሱ ቀን ዝቅ ያለ ክፍት የቆዳ ጫማ ከሀበሻ ቀሚስ ጋር ከማንኛውም ታኮ በላይ ያምራል ብዬ አምናለሁ፤ እስክስታውም ነጻ ይሆናል።

ውጭ ሀገር ያለችው እህቴ ጫማ ልትልክልኝ ነው፤ የትኛውን ቁጥር ልንገራት?

ቁጥር ሳይሆን ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ንገሪያት፤ ከላይ እንደተባለው በወረቀት ለክተሽ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪላት። የእኛ 38 በአሜሪካ የሴቶች ቁጥር 7 ተኩል አካባቢ፣ በእንግሊዝ 5 አካባቢ ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፦ በአሜሪካ የወንድና የሴት ቁጥር ይለያያል፤ ስኒከር ላይ የሴት 8 የሆነው የወንድ 6 ተኩል ነው። የወንዶቹ ክፍል ገብታ 8 ከገዛችልሽ ጫማው ለወንድምሽ ይሆናል። እግርሽ ሰፊ ከሆነም ጨምረሽ ንገሪያት፤ እዚያ በርዝመት አንድ ሆኖ በስፋት የተለያየ ጫማ ይሸጣል።

ለክት ብዬ ያስቀመጥኩት ጫማ ሳላደርገው ሶሉ ተፈረካከሰ፤ ተታልዬ ነው?

ተታልለሽ ላይሆን ይችላል። የብዙ ቀላልና ለስላሳ ጫማዎች ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬታን ከተባለ ነገር ነው። ይህን ነገር በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የሚገርመው ተቀምጦ የኖረው ከሚደረገው ይልቅ ቶሎ መበላሸቱ ነው። በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ እርጥበቱን ስለሚያፍን ያፋጥነዋል።

በጨርቅ ሸፍነሽ አየር በሚያገኝ ቦታ አስቀምጪው፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ለአንድ ቀን አድርጊው። ላዩ ቆዳና ደህና ከሆነ ጫማ ሰፊ የጎማ ሶል ሊቀይርልሽ ይችላል። ለሩቅ ጊዜ የሚቀመጥ ጫማ የምትገዢ ከሆነም ከመጀመሪያው የጎማ ወይም የቆዳ ሶል ያለውን ምረጪ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ጫማዬ ሁሉ ጠበበኝ። መቼ ነው የሚያሳስበው?

በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ውኃ ይይዛል፤ ጅማቶችም ይላላሉ፣ የእግር ቅስት ዝቅ ይላል። ስለዚህ እግር ይረዝማል፣ ይሰፋል፤ በአንዳንዶች ከወሊድ በኋላም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር የሚበልጥ፣ ማሰሪያው የሚላላ፣ ዝቅ ያለ ጫማ ግዢ። ጎንበስ ማለት ሲከብድ የሚያዳልጥ ሸበጥ መምረጥ ግን አደጋ አለው፤ ተረከዝን የሚይዝ ይሁን። ማታ እግርሽን ከፍ አድርገሽ አሳርፊ።

እብጠቱ በድንገት ከመጣ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተጨመረበት፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ባትሽ ካመመሽም እንዲሁ።

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ይወጋኛል፤ ጫማ ነው ምክንያቱ?

ብዙ ጊዜ አዎን፣ ከመቆም ብዛት ጋር። ከተረከዝ እስከ ጣቶች የተዘረጋው ውስጠኛ ጅማት ሲቆጣ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ያማሉ፤ ሲሄዱበት ይቀላል። ስስ ሶል፣ ጠንካራ ወለልና የክብደት መጨመር ያባብሱታል። ከአልጋ ከመነሣትሽ በፊት ጣቶችሽን በፎጣ ወደ ራስሽ ሳቢ፤ ማታ ውኃ ሞልተሽ ያቀዘቀዝሽውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በእግርሽ አንከባልይ። አብዛኛው ሕመም በወራት ውስጥ ይለቃል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

አውራ ጣት ሥር አጥንት የወጣባቸው ሴቶች ጉዳይ ይለያል። ዝንባሌው ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ይመጣል፤ ሹል ጫማ ያባብሰዋል። በገበያ የሚሸጡት ጣት ማራቂያ ፕላስቲኮች በአዋቂ ሰው አጥንት አይመልሱም፤ ሕመሙን ሊያስታግሱ ግን ይችላሉ። ፊቱ ሰፊ ጫማ ይረዳል፤ ሕመሙ መራመድ ከከለከለ የአጥንት ሐኪም ያስፈልጋል።

መሥሪያ ቤቴ ታኮ ያስገድደኛል፤ ምን ማለት እችላለሁ?

ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያና ሽያጭ ላይ የሚሠሩ ሴቶች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። ስምንት ሰዓት ቆሞ ለሚሠራ ሰው ከፍ ያለ ታኮ ማዘዝ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ ያዛል፤ ጥያቄሽን በዚህ ላይ አቁሚው። በሌላ ሀገር የተደረገም አለ፦ የፊሊፒንስ የሠራተኛ ሚኒስቴር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትእዛዝ ቀጣሪዎች ቆመው በሚሠሩ ሴቶች ላይ ከፍ ያለ ታኮ እንዳያስገድዱ ከልክሏል።

ጥያቄውን ብቻሽን አታቅርቢ፤ ከባልደረቦችሽ ጋር በጽሑፍ ይሁን። «ታኮ ይቅር» ከማለት ይልቅ ቀለሙና ቅርጹ ከደንብ ልብሱ ጋር የሚሄድ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ጫማ ናሙና ይዞ መቅረብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የሐኪም ማስረጃ ካለሽ አያይዢው።

እናቴ ስኳር አለባቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ጫማ አውልቀው ነው የሚያስቀድሱት። ምን እናድርግ?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። «የቆምህባት መሬት የተቀደሰች ናትና ጫማህን አውልቅ» ተብሎ ለሙሴ የተነገረውን ቃል አክብረው የኖሩ እናት በሕመም ምክንያት ጫማ አያውልቁ ማለት ልባቸውን ይሰብራል። በሌላ በኩል ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ እሾህ ቢወጋቸው፣ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ቢያቃጥላቸው አይሰማቸውም። ከእንዲህ ያለ ትንሽ ቁስል ተነሥቶ እግር እስከ ማስቆረጥ የሚደርስ አለ።

መካከለኛው መንገድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚሆን ወፍራም ነጭ የጥጥ ካልሲ ነው፤ ነጭ የሆነው ደም ቢኖር ወዲያው እንዲታይ ነው። ጫማቸውን ከግቢው በር ሳይሆን ምንጣፉ ከሚጀምርበት ያውልቁ፤ ሲያደርጉትም ውስጡን በእጃቸው ይዳብሱ፣ ጠጠር ሊገባበት ይችላል። የንስሐ አባታቸውን ብታማክሩም ጥሩ ነው፤ ከእርሳቸው አፍ የወጣ ምክር ከልጅ ምክር ይልቅ ይሰማል። ሙስሊም እናቶችም ውዱእ ካደረጉ በኋላ በጣቶቻቸው መሃል ያለውን እርጥበት በፎጣ ቢያደርቁ ከፈንገስ ይጠበቃሉ።

ማታ ማታ ግን አንድ ሰው የእግራቸውን ሥር በብርሃን ይየው። ውኃ የቋጠረ፣ የቀላ፣ የተሰነጠቀ ነገር ካለ ሕመም ባይኖረውም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍና የጠጠረ ቆዳን በምላጭ መቁረጥ ለእርሳቸው ፈጽሞ አይሆንም።

ገጠር ያለችው አክስቴ የገዛሁላትን ጫማ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምታደርገው፤ እርሻ በባዶ እግሯ ትሄዳለች። ይህን ያህል ያሳስባል?

ያሳስባል፤ በተለይ ቀይ አፈር ባለበት ደጋና ወይና ደጋ። በወላይታ፣ በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች የሚታየው የእግር ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ገብተው ለዓመታት የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ፤ እግሩም ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አጥንተው ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይተዋል። ተላላፊ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ ተጋላጭነቱ ስለሚወረስ ግን ሰዎች «የዘር ነው» ብለው ልጃገረዶችን ከትዳር ያርቃሉ። ከዚህ የሚያሳዝነው መከላከያው በእጅ ያለ መሆኑ ነው፦ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ።

አክስትሽ ግን እልኸኛ ስለሆነች አይደለም የማታደርገው። ጭቃ ጫማውን ይይዘዋል፣ ያከብዳታል፤ ጥሩ ጫማ እርሻ ላይ ማበላሸትም ያሳዝናታል። ስለዚህ ሁለተኛ ጫማ ግዢላት፤ ከመጀመሪያውም «ይኼ የእርሻ ነው» ብለሽ ስጪያት። ክፍት በረባሶ አፈሩን ስለማይከለክል ሽፍን ይሁን። ኮንጎ ጫማ ርካሽና የሚታጠብ ነው፤ እግር ስለሚያልብ ግን ከካልሲ ጋር ቢሆን ይሻላል። ማታ እግሯን በሳሙና ታጥባ፣ አድርቃ ቫዝሊን ትቀባ። እብጠቱ ጀምሯት ከሆነም አልረፈደም፤ መታጠቡ፣ ቅባቱ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፉና ጤና ባለሙያ የሚያሳያት የፋሻ አጠማጠም እብጠቱን ይቀንሱታል። በምትልኪላት ጊዜ ከእርሷ ጋር እርሻ ለሚውሉት ልጆችም ጨምሪ፤ በሽታው የሚጀምረው በእነርሱ ዕድሜ በባዶ እግር ከሚረገጠው አፈር ነውና።